መምህሩ ለጠፍጣፋው ጣሪያ የመረጡት ጎማ

መምህሩ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ በስማቸው አይጠሯቸውም፤ «ውሃ ልክ» ነበር የሚሏቸው። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ እንጂ ቅጽል ስሙን በልባቸው ይወዱት ነበር። ጠማማ ነገር ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። አንድ ጊዜ ሰው ሞቶ ሊያጽናኑ በሄዱበት ቤት የሟቹን ፎቶ ሁለቴ ተነስተው ሲያቃኑ፣ ሐዘንተኞቹ ልቅሷቸውን ትተው እሳቸውን ያዩ ጀመር።

ጡረታ የወጡ ሰሞን ነው የገዛ ቤታቸውን ጣሪያ ቀና ብለው ያዩት። ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ያውም በሁለት በኩል ያዘመመ። «ይሄ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ በላዬ ላይ ዘሞ ኖሯል ማለት ነው?» አሉ፤ እንቅልፍም አጡ። ቆርቆሮው ወረደ፣ ኮንክሪት ተሞላ። ጣሪያው ሜዳ ሆነ፤ ዙሪያውን እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንብ ተሠራለት፤ ከሳሎን የሚያወጣ ጠባብ ደረጃ፣ ደረጃው ጫፍ ላይም በር ተገጠመ። የቀረው ውሃ የማያስገባ ልባስ መርጦ ማልበስ ብቻ ነበር።

ሥራውን የያዘው ግንበኛ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። በጂኦሜትሪ ከመቶ ሠላሳ አንድ ሰጥተው ጥለውታል። እሳቸው ውጤቱን አልረሱትም። እሱ ይርሳው አይርሳው አይታወቅም፤ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም።

«መምህር፣ ልባሱ ሬንጅም ይሁን ጎማ ይደርሳል» አላቸው። «መጀመሪያ ሊሾውን ወደዚህ ጥግ ዘንበል እናድርገው። በየሜትሩ ሁለት ሁለት ሳንቲ ዝቅ ካለ ይበቃል። ከዚያ ግንቡ ላይ ሁለት ሰፋፊ የውሃ ማስወረጃ እንበሳለን።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ዘንበል?»

«አዎ፣ ውሃው እንዲሄድ።»

«ጠፍጣፋ ማለት ምን ማለት ነው? ያን ዕለት ተኝተህ ነበር እንዴ? ዘንበል ካለ እኮ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ተዳፋት ነው! ደግሞ እንበሳለን ትለኛለህ። የጠራሁህ ቀዳዳ ልትደፍን ነው ወይስ ልትበሳ?»

ግንበኛው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንዷ ትዝ አለችው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። መምህሩም ድል ያደረገ ሰው ቸር ነውና፣ «ደህና፣ አንዲት ትኑርህ» ብለው ፈቀዱ። እሷም ከአውራ ጣት እምብዛም የማትወፍር፣ በሜትር ተለክታ የግንቡ ትክክለኛ መሐል ላይ የምትውል ቀዳዳ ሆነች።

ከዚያ ወደ ጥናቱ ገቡ። ሦስት ወር ፈጀ። ከየሱቁ ቁራጭ ቁራጭ እየለመኑ ሰብስበው ግቢው ውስጥ በሳንቃ ላይ ደረደሩት። ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ የፈላ ውሃ ደፉበት፣ ድንጋይ ጣሉበት፣ ተረከዛቸውን እያሽከረከሩ ረገጡት። ውጤቱን ማስታወሻ ደብተር ላይ ከመቶ እየሰጡ መዘገቡ። ሬንጁ ቀትር ላይ ላብ ላብ ብሎት ተዝለፈለፈ፣ ስልሳ ሁለት። የሚቀባው ቀለም በሁለተኛው ሳምንት እንደ ቆዳ ተላጠ፣ አርባ አምስት፣ ደጋሚ። ሴራሚኩ መልኩ ያማረ ነበር፤ ግን መጋጠሚያው ውሃ ያስገባል፤ «መልክ ብቻ» ብለው ከጎኑ ጻፉበት። እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋው ወፍራም ጎማ ግን ምን ቢያደርጉት ንቅንቅ አላለም። ዘጠና ስምንት ሰጡት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ለማንም የሰው ልጅ ያልሰጡትን ውጤት ለጎማ ሰጡ።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማለች።

«ጎማው ጥሩ ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣኝም» አለች። «እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ጨርቁ ሐር ቢሆን አቆራረጡ ከተበላሸ ልብስ አይሆንም። ያ ልጅ ያለህን ዘንበል አስደርገው።»

«አንቺ መርፌሽን ያዢ።»

«ይዣለሁ» አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ።»

ጎማው ተነጠፈ። ግንበኛው ሥራ ያውቃልና መጋጠሚያውን በሙጫ አጣብቆ፣ ጠርዙን በግንቡ ላይ ወደ ላይ አውጥቶ አሰረው። መምህሩ ውሃ ልካቸውን ይዘው በአራቱም ማዕዘን ተንበረከኩ፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቆማ ፍንክች አላለችም። በደስታ የተረፈውን ጎማ ቆራርጠው፣ አቧራ እንዳይገባ ብለው የደረጃውን በር ዙሪያ በገዛ እጃቸው ለበጡት።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አንጋጠው ኮርኒሱን እያዩ ከክፍል ክፍል ዞሩ። ምንም የለም። «አንዲት ጠብታ እንኳ የለም!» እያሉ ለዘመድ አዝማድ ደወሉ። አንድ የአጎታቸው ልጅማ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት፣ በአራተኛው ስልኩን ዘጋ።

በዘጠነኛው ቀን ሚስታቸው ከመኪናዋ ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ገባ? በዚያች ቀዳዳ ውሃ ሲወርድ ካየሁ ሰነበትኩ።»

«ደርቆ ነዋ።»

«ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ሳናይ?»

«ጥሩ ጎማ ውሃ አያስቀምጥም» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ። ወጥተው እንዳያዩ ጉልበታቸውን አሟቸዋል፤ ደግሞም ዘጠና ስምንት ያገኘ ተማሪ ደብተሩ አይፈተሽም።

በማግስቱ ሰማዩ ገለጥ ሲል የቀድሞው ርዕሰ መምህር መጡ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመን መምህሩን አንድ ቀን አመስግነው የማያውቁ ሰው ናቸው። አሁን ግን የራሳቸውን ቤት ሊያድሱ ስለሆነ ዝነኛውን ጣሪያ ለማየት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው ተገኙ። መምህሩ ለዚህ ቀን የኖሩ ይመስል ፊታቸው በራ። ደረጃው ሥር መገባበዝ ሆነ።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ ባለቤቱ እያሉ?»

«በፍጹም! እንግዳ ይቀድማል።»

እንግዳው ቀደሙ። በሩ አልከፈትም አለ።

«ጥራቱ ነው!» አሉ መምህሩ ከታች ሆነው። «ጠበቅ አድርጌ ነው የለበጥኩት። ሳብ ያድርጉት!»

ርዕሰ መምህሩ ሳቡ። ከበሩ ጀርባ እስከ ቅልጥም ተኝቶ የነበረው የዘጠኝ ቀን ዝናብ እንደ ተለቀቀ ግድብ መጣ። ርዕሰ መምህሩን ከነባርኔጣቸው አነሳ፣ መምህሩን ደርቦ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የጎረቤት ልጆች የጠፋ ኳስ ጨምሮ ሁሉንም አንድ ላይ ሳሎን ውስጥ ደፋቸው። ሚስታቸው የሰው ቀሚስ በእጇ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቆመች። መጮህ አልቻለችም፤ ሳቅ ይዟታል።

ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳሉ ባርኔጣቸውን ገልብጠው ውሃውን ደፉ።

«ጎማው እውነትም ጥሩ ነው» አሉ። «ውሃ በደንብ ይይዛል።»

በሃያ ዓመት ያገኙት ምስጋና ይኸው ሆነ።

ሚስታቸው ማንንም ሳታስፈቅድ ለግንበኛው ደወለች። መጣ፤ በቅጠል የተወተፈችውን ቀዳዳ በዱላ ጎረጎረ፤ ጎማው ላይ የቀረውን ውሃ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ በላይ ቢከርም ክብደቱ ጣሪያውን ሳሎን ያስገባው ነበር» አለ። «ብዬ ነበር» የምትለዋን ቃል ግን አልተነፈሳትም። ቢላት ይሻል ነበር። መምህሩ ሁለት ቀን እህል በወጉ አልበሉም፤ ከመኝታ ክፍል እየወጡ የግንበኛውን ኮቴ ያዳምጡና ተመልሰው ይገባሉ።

ጎማው ተነሳ፣ ሊሾው ዘንበል ብሎ ተሠራ፣ ሁለት ሰፋፊ ማስወረጃ ተበሳ፣ ያው ጎማ ተመልሶ ተነጠፈ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ጉልበታቸውን እየደገፉ ወጡ። ግንበኛው አንድ ባልዲ ውሃ ደፋ። ውሃው ያለ ማንም ጉትጎታ መንገዱን ይዞ ወደ ጥጉ ሄደ፤ ወጣም። መምህሩ ውሃውን በዓይናቸው እስከ ማስወረጃው ተከተሉት።

«በየሜትሩ ስንት ነበር ያልከኝ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሁለት ሳንቲ፣ መምህር።»

ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ሊሉት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

እንዲህ ሆነው ቢቀሩ ደግ ነበር። ግን ክረምቱ ሳይወጣ ጎረቤታቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ ጀመረ፤ ግንበኛውም ያው ሰው ነው። መምህሩ አጥሩ ላይ ተደግፈው በየቀኑ ይጮሃሉ። «ጠፍጣፋ ጣሪያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም! ያልተማረ ነው እንደዚያ የሚለው! በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ! እኔ በጥናት የደረስኩበት ነው!» ጎረቤቱ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ግንበኛው ሲሚንቶውን እያቦካ «እሺ መምህር» ይላል።

ሚስታቸው በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ና ግባ፣ ምሳህ በረደ» ትላቸዋለች። ይገባሉ፤ ግን ሦስት ጊዜ ተመልሰው፣ ያችኑ ሁለት ሳንቲ ሦስት ጊዜ ከደገሙ በኋላ ነው።