የሳሙና ሠሪዋ መነጽር

ሴትዮዋ ቤቷ ሳሙና መሥራት ስታስተምር ከአፏ የማይጠፋ አንድ ነገር አላት። «ሶዳውን ነው ውሃው ላይ የምትጨምሪው። ውሃውን ሶዳው ላይ ካደረግሽ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል።» ሚዛኗን ሁለቴ ታያለች፤ ጓንቷን እስከ ክርኗ ትስባለች። ለአዲሷ ተማሪ መከላከያ መነጽሩን በገዛ እጇ አጠለቀችላት። የራሷ ግን አቧራ ለብሶ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ተማሪዋ ለምን ልትል ስትል፣ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ መነጽርሽን አድርገሻል?»

«አድርጌያለሁ፣ የኔ ዓለም።»

ልጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች፤ የደረቀውን ሳሙና በጣቶቿ ፈልጋ መጠቅለል ጀመረች። ጠባሳው ከግንባሯ እስከ አገጯ ወርዷል።

«ያን ቀን ውሃውን ሶዳው ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለች እናቷ በተማሪዋ ጆሮ። ከዚያ ሶዳውን ጨመረችና ዓይኗን ሳትጨፍን እንፋሎቱ ላይ አጎነበሰች።