ከኋላ ጎማው በላይ ሦስት ጣት

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ማብቂያ ላይ በዋለ አንድ እሁድ ነው። መቱ ውስጥ በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ዳር ቆሜ ዘግቤአለሁ፤ በቁጣ የጦፈ ስብሰባ መሐል መቅረጫዬን ይዤ ገብቼ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጀርባዬን ለሰው ላለማሳየት ብዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፍኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያልረሳሁትም ለዚህ ነው።

መነሻው ብስክሌት ነው። ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ ስላለኝ፣ ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ማውንቴን ብስክሌት ገዛሁ። ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ፣ ፍሬኑ የሚያስተማምን ነው። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭቃ መከላከያ፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለው። ለምን እንደሌለው መሐንዲሱን ስጠይቀው «ሲሠራም እንዲሁ ነው» አለኝ። የሠራው ሰው ኢሉባቦርን አያውቃትም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዝናብ ቢሮ ስደርስ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰምሮብኝ ነበር። የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ኦላና ዞረው ከኋላዬ አዩኝና፣ «ምነው ጋዜጠኛው፣ የጎሬን መንገድ ጀርባህ ላይ ነው እንዴ የሠሩት?» አሉኝ። ቢሮው በሙሉ ወጥቶ አየኝ።

በዚያው ቀን ፓራፋንጎ ፍለጋ ጀመርኩ። እኔ አንድን ነገር ከሦስት ሰው ሳልሰማ አልጽፍም፤ ፓራፋንጎም ሳላጣራ አልገዛም። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የመለዋወጫ ሻጩን ጠየቅሁ። ከኮርቻው ሥር የምትታሰር፣ እንደ ዶሮ ጭራ ወደ ላይ የተቀሰረች አጭር ፕላስቲክ አሳየኝና የዘመኑ ይቺ ናት አለኝ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው የብስክሌት ጠጋኝ ደግሞ «የዶሮ ጭራ ዝናብ አያስጥልም፤ ጎማውን ከላይ እስከ ታች የሚያለብሰውን ግዛ» አለ። ሦስተኛው ምንጬ የባንክ ሠራተኛ ነው። ክረምት ከበጋ በብስክሌት ይመላለሳል፤ ሱሪው ላይ አንድም ነጠብጣብ አይቼ አላውቅም። ረጅሙን ነው የተጠቀመው፤ ለጎማው በጣም የተጠጋውን። «ክፍተት ከሌለ ውሃው በየት ይመጣል?» አለኝ። አሳማኝ ነበር። ጻፍኩት።

ረጅሙን ገዛሁ። ጠጋኙ የኋላውን ሲገጥምልኝ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ወረቀት እንጂ ጣት አይገባም ነበር። የፊተኛው ግን ጎማውን የሚይዘው የብረት ሹካ ረጅም በመሆኑ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ዝቅ እንዲያደርገው ብለምነው አይሆንም አለኝ። ደብተሬ ላይ «የፊተኛው ጉድለት አለበት» ብዬ መዘገብኩ።

ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ ጠብቄ የመቱን አስፋልት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ነዳሁ። ወርጄ ጀርባዬን ብዳስስ ደረቅ ነው። ጋሼ ኦላና እንኳ ከኋላዬ ዞረው የሚሉት አጡ። ደብተሬ ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት።

አሁን ወደዚያ እሁድ ልምጣ።

ቶሌራ የሚባል የድምፅ ባለሙያ አብሮኝ ይሠራል። ከመቱ ብዙም በማትርቀው ሁሩሙ የምታስተምር ሰናይት የምትባል ልጅ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንድሆን ጠየቀኝ። የቀሩት ሁለቱ አጎቱና ጡረታ የወጡት መምህር ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ እኔንም ፊደል አስቆጥረውኛል። የሰናይት አባት ጋሼ ሙላቱ ደግሞ በወጣትነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ከወሎ በሠፈራ መጥተው እዚያው ሁሩሙ ገጠር ያረጁ፣ ቡናና ንብ ያላቸው፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ስንሄድ መለሱን። ወጉ ስለሆነ አልከፋንም። ሁለተኛ ጊዜ እኔ ለሥራ ኡካ ሄጄ ስለነበር ሁለቱ ብቻ ሄዱ። እንደገና መለሷቸው፤ በዚህኛው ግን ጨከን ብለው ነበር። «ሦስት ነን ብላችሁ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ። መስከረም ሳይጠባ አንድ ጊዜ እሰማችኋለሁ። እሁድ አራት ሰዓት፣ ሦስታችሁም። ሌላ ሽማግሌም ደጄን እየጠና ነው» አሉ።

ቶሌራ ያን ሳምንት ሥራ ላይ ሐሳቡ አልነበረም፤ አንድ ዜና ሁለት ጊዜ አስተላለፈ። ቅዳሜ ማታ ሲሰናበተኝ፣ «ጋሼ፣ አደራ፣ ቀድመው ከሁለቱ ጋር በሚኒባስ ይሂዱ» አለኝ። ሚኒባስ እስኪሞላ አይነሳም፤ ብስክሌት ግን አንድ ሰው ከሆነ ሞላ። ይህንኑ ነገርኩት። ፓራፋንጎውንም ጠቀስኩለት።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዝናብ ልብሴን ቤት ተውኩ። ጋቢም ጎማ ውስጥ ይጠመጠማል ብዬ ተውኩ። አለኝ የምለውን የክሬም ቀለም ኮት ለበስኩ። በነሐሴ፣ በብስክሌት፣ በክሬም ኮት። ደብተሬ ላይ ከሥሩ የተሰመረበት ነገር ነበረና አልፈራሁም።

እስከ ሁሩሙ ድረስ አስፋልቱ ላይ እንደ ሙሽራ ነው የሄድኩት። ጊዜ ተርፎኝ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ጋሼ ሙላቱ መንደር የሚያስገባውን ቀይ አፈር ያዝኩ። ብዙም አልሄድኩም፤ የኋላ ጎማው መዞር አቆመ።

ወርጄ ሳይ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለችው ያቺ ክፍተት በቀይ ጭቃ ተመርጋለች። በእንጨት ጎርጉሬ አወጣሁና ተነሳሁ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ እንደገና ቆመ። ጎረጎርኩ። እንደገና። ቅጠል የተሸከሙ ሁለት እናቶች በአጠገቤ ሲያልፉ አንደኛዋ፣ «በቅሎ ቢሆን በገዛ እግሩ ይሄድ ነበር» አለች። የኋላ ጎማውን ከኮቴ አርቄ አንጠልጥዬ ጥቂት ሄድኩ። ሰዓቴን አየሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ጋሼ ሙላቱ ሰዓት አያሳልፉም።

መፍቻ ይዤ ነበርና የኋላውን ፓራፋንጎ ፈትቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ሳልይዝ ለቀቅሁት።

በሩ ላይ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ከፊት ንጹሕ ነኝ፤ ያ «ጉድለት አለበት» ያልኩት የፊተኛው ፓራፋንጎ አንዲት ነጠብጣብ አላሳለፈም። ኦቦ ገመቹ ሰላም ሊሉኝ መጥተው ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ እጃቸው ቀልቶ ተመለሰ። ዞረው አዩኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «ማሎ! ዱግዳ ኬ!» አሉ፤ ኧረ ጀርባህ! ማለታቸው ነው። ሲደነግጡ በኦሮምኛ ነው። ቀጥለው በአማርኛ፣ «እስክንወጣ ጀርባህን ለፍጡር እንዳታዞር» አሉኝ።

ገባን። ሳሎኑ ለአዲስ ዓመት በኖራ ተቀብቶ ያበራል። እንደ ወጉ ቆመን የመጣንበትን እስኪጠይቁን ጠበቅን። እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ። ጋሼ ሙላቱና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ተቀምጠዋል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ ሙላቱ። ወንበሮቹ በሙሉ ነጭ የእጅ ጥልፍ ለብሰዋል።

ኦቦ ገመቹ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ እኔ፣ «አንቀመጥም!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «የልባችን ሳይደርስ አንቀመጥም።»

ኦቦ ገመቹ በተጣጠፈ ጉልበት መሐል መንገድ ላይ ቀሩ። ቀና አሉና አዩኝ። ክፍል ውስጥ አስተኝተው በገረፉኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላዩኝም። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። የቶሌራ አጎት ደግሞ ከመቱ ጀምሮ በሚኒባስ ቆሞ ነው የመጣው።

እትዬ ዘውዴ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየህ ሙላቱ፣ ምን ያህል ቢፈልጓት ነው!» አሉ።

ጋሼ ሙላቱም ለስለስ አሉ። «ሌሎቹ ሽማግሌዎች ገና ሳልጋብዛቸው ነው የተቀመጡት» አሉ። ኦቦ ገመቹ ወዲያው ነገሩን አነሱት። የቶሌራን ትህትና፣ ትጋት፣ እንከን የለሽነት አንዴ በአንዱ እግራቸው አንዴ በሌላው እየቆሙ ተናገሩ። ጋሼ ሙላቱ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እንግዲህ ከባለቤቴ ጋር እስክንመክር ደጅ ቆዩን» አሉ።

ደጅ መውጣት ማለት ጀርባ መስጠት ነው። እኔ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ የኋሊት መሄድ ጀመርኩ። እትዬ ዘውዴ፣ «እንዲህ ያለ ሥርዓት በዚህ ዘመን!» ሲሉ ሰማሁ። ደፉን ረስቼው ነበር። ተረከዜ መታውና ደጅ ላይ፣ በረንዳው ሥር ባቆምኩት ብስክሌት ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ።

ሁሉም ተሯሩጠው ወጡ። ቶሎ ብዬ ስነሳ በየትኛው በኩል እንደዞርኩ አላውቅም፤ የኦቦ ገመቹ ፊት ግን ነገረኝ። ከዚያ እትዬ ዘውዴ ወደ ሳሎኑ መለስ ብለው ጮኹ። ነጩ ኖራ ላይ ሁለት ትከሻና አንድ አከርካሪ ያለው ቀይ ሰው ቆሟል።

ጋሼ ሙላቱ እኔንም ግድግዳውንም ትተው ወደ ብስክሌቱ ሄዱ። ቁጢጥ ብለው የኋላ ጎማውን ዳሰሱ።

«የዚህ ፓራፋንጎ የት አለ?»

«ቁጥቋጦ ውስጥ» አልኩ።

«ስንት ጣት ያስገባ ነበር?»

«አንድም።»

«ማን መረጠልዎት?»

«እኔው ነኝ ጋሼ። ሦስት ሰው ጠይቄ፣ አጥንቼ።»

«ሦስቱስ የት ነው የሚነዱት?»

አሰብኩ። ሻጩ፣ ጠጋኙ፣ የባንኩ ሰው። «መቱ» አልኩ፤ «አስፋልት ላይ።»

«እኔ የከብት ክትባት በብስክሌት ሳዞር ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ከዚህ እስከ ሃሉ ወረዳ» አሉ። «ለጭቃ ሦስት ጣት ነው። ጭቃን መንገድ ካልሰጡት ያቆምዎታል። የፊተኛውማ ልክ ነው፤ አላዩትም?» ከዚያ ቀና አሉ። ፊታቸው ኮስተር አለ። «ታዲያ አልቀመጥም ያሉት ለልጄ ክብር ነው ወይስ…?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ኦቦ ገመቹ ከጋሼ ሙላቱ ትከሻ በላይ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቁ «ለክብር በል» እያሉኝ ነው። የቶሌራ ፊት መጣብኝ። ግን በሥራዬ ስህተት ሠርቼ እርማት ሳላወጣ አድሬ አላውቅም።

«እርማት አለኝ ጋሼ» አልኩ። «የቆምኩት ጥልፉን ላለማቆሸሽ ነው። የኋሊት የወጣሁትም ለሥርዓት አይደለም።»

ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሺ» አሉ ጋሼ ሙላቱ። «አሁን እንዲህ አድርገው ስለ ልጁ ይንገሩኝ።»

ነገርኳቸው። ቶሌራ ይረሳል አልኩ። ሲናደድ ሁለት ቀን ያኮርፋል። ይህን ሳምንት አንድ ዜና ሁለት ጊዜ አስተላልፏል። መጠጥ አይነካም። እናቱን የሚያስታምመው እሱ ነው። አደራ ተቀብሎ በልቶ አያውቅም። ሰናይትን ሲያወራ ድምፁ ይቀንሳል። የማውቀው ይህን ነው፤ የማላውቀውን አልጨመርኩም።

ጋሼ ሙላቱ እጃቸውን በሣር ጠረጉ። «ሁለት ጊዜ መጥታችሁ እንከን የሌለው ልጅ አለን አላችሁኝ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ እንከን የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ደብቀው ነው ብዬ መለስኳችሁ። የሚያኮርፍ ከሆነ ደህና ነው፤ የኔም ልጅ ታኮርፋለች። ግቡና ተቀመጡ።»

«ወንበሩስ ጋሼ?» አልኩ።

«ለእርስዎ ጆንያ ይነጠፍልዎታል።»

ጆንያ ተነጠፈልኝ። ማር ቀረበ። ኦቦ ገመቹ ሲቀመጡ ያሰሙት የእፎይታ ድምፅ ከምርቃቱ ሁሉ በላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሙላቱ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጠው፣ በአሮጌ የብስክሌት ላስቲክ አስረው፣ ልክ ሦስት ጣት ከፍ አድርገው ፓራፋንጎ ሠሩልኝ። በዚያው በቀዩ መንገድ ተመለስኩ። አንዴም አልቆመም። ጋሼ ኦላና በማግስቱ ቢጫውን ሲያዩ፣ «አሁን ደግሞ ዘይት ማከፋፈል ጀመርክ?» አሉኝ። ጀርባዬ ላይ ግን የሚያዩት አላገኙም።

ቶሌራና ሰናይት በጥር ተጋቡ። ያ ጀሪካን እስካሁን ብስክሌቴ ላይ አለ፤ አልቀይረውም። ደብተሬ ላይ ያለውን «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ሰርዤ «አስፋልት ላይ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አላፍርም ብል እዋሻለሁ። እነ ጋሼ ሙላቱ በየዓመቱ ጳጉሜን ሳይገባ ሳሎኑን ኖራ ሲቀቡ ያን ቀይ ሰው ዘለው ነው የሚቀቡት። እንግዳ ሲመጣ ያሳዩታል። እኔ ስሄድ ደግሞ ወንበር የሚሰጠኝ ከእሱ ሥር ነው። ነጩ ጥልፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከመቀመጤ በፊት ግን እትዬ ዘውዴ እስካሁን አንድ ጊዜ ያዞሩኛል።