የፖስተኛው አዲስ አድራሻ

አጎቴ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያድል አንድም ቀን በር ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው ራሱ ነው። ለፖስታ ቤት ሳይናገር ቤት የቀየረ ሰው ስሙ ሲነሳ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ፊቱ ይጠቁራል።

አሁን እቃ ቤቱ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለው። የቤተሰቡን ፎቶና ድምፅ ጭኖበት፣ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ስልክ ሁሉ የሚከፍተው ገጽ ሠርቷል። የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ ያንን ባለነጥብ ረጅም ቁጥር፣ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ጽፎ እንደ ቤት ቁጥር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በምስማር መትቶታል። መጨረሻው አሥራ ሁለት ነው።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። የአያቴ ድምፅ ያለበትን ብቸኛ ካሴት «ገልብጬ እመልሳለሁ» ብሎ ከወሰደባት ወዲህ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ባለፈው ሳምንት «ነይና በገዛ ስልክሽ ስሚው» ብሎ ሲልክባት ቂሟን ዋጥ አድርጋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ቁጥሩን ከቆርቆሮው ላይ እያየች ጻፈች። አልከፈተም።

«እትዬ፣ አንዷን ነጥብ ረስተሽ ይሆናል።»

«የደከመው ዓይኔ እንጂ ልቤ አይደለም!»

አጎቴ ወደ እቃ ቤት ሮጠ። «እዚህ ይከፍታል እኮ!» የሚል ድምፁ መጣ። እዚያ ቢከፍት ምን ዋጋ አለው፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ የለው! ገመድ ቀየረ፣ የእናቴን ስልክ ረገመ፣ ደግሞ ሮጠ። ያው ነው።

«በቃ፣ ካሴቴን መልስልኝ።»

«ክሩ... ስገለብጠው ተበጠሰ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

እናቴ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

ይሄኔ የአጎቴ ሚስት ካውያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ትናንት ካውያ ልሰካ ኮምፒውተሩንም የዋይፋዩን ሳጥንም ነቅዬ ነበር። ግን መልሼ ሰክቻለሁ። ያ ምን ያደርጋል?»

አጎቴ እቃ ቤት ገብቶ የዋይፋዩን ሳጥን የቁጥር ዝርዝር ከፍቶ አየ። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል። ሳጥኑ እንደገና ሲነሳ ለተገናኘው ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ አዲስ ቁጥር አድሎ ኖሯል። ኮምፒውተሩ አሥራ ሰባት ሆኗል። አሥራ ሁለት የደረሰው ለሚስቱ ስልክ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስናንኳኳ የቆየነው የእሷን በር ነበር።

«ቤት ቀይሮ፣ ለፖስታ ቤቱ ሳይናገር?» አለች እናቴ፣ ቆማ አሥራ ሰባትን እየጻፈች።

ገጹ ተከፈተ። ከሚንኮሻኮሽ ድምፅ መሃል አያቴ ያኔ ልጅ የነበረውን አጎቴን ተቆጣች፦ «አንተ ልጅ፣ ዱቄቱን ለማን ሰጥተህ መጣህ? ሦስተኛው በር አላልኩህም?»

አጎቴ ቆርቆሮውን ሊነቅል ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ተወው፤ መጀመሪያ ና ስማ» አለችው እናቴ። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች፤ ከጎኗም ቦታ ለቀቀችለት።