ዳቦ ከልካይዋ ሀዋ

ዛሬ ጠዋት ሎጊያ ያለውን የዳቦ ቤቴን ጭስ ማውጫ ሊጠርግ የመጣው ሰውዬ፣ ውስጡን እንኳ ሳያይ መጥረጊያውን ሰድዶ እፍኝ ሙሉ ጥቀርሻ ቢያወርድብኝ፣ ያ የከረረ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ አዋሽ፣ እናቴ ምድጃ ፊት አደረሰኝ።

እናቴ ሀዋ፣ አላህ ይርሐማትና፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ዳቦ ቤቱን ብቻዋን የያዘች፣ ግትርነቷ ከወሎ አብሯት የወረደ ሴት ነበረች። ጭስ ማውጫው ከመጠረጉ በፊት ምድጃው እስኪበርድ ጠብቃ፣ የእጅ መስተዋቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ሽቅብ ታያለች። «አንድ ብርሃን ካየሽ ሰማዩ ነውና ጥረጊ፤ ሁለት ካየሽ ቆርቆሮው ተበልቷልና መጥረጊያም እሳትም አታስነኪው» ትለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ነገ ኢድ ሊሆን፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ አዝዞ ሳለ መስተዋቱ ሁለት አሳየ፤ ሁለተኛው ከጣሪያው እንጨት ሥር ነበር። ጋጋሪያችን «ጠረግ ጠረግ አድርገን ዛሬን እንለፈው» ቢል አልሰማችውም። ጎረቤታችን ሸህ ሳይቀሩ መጥተው «ሀዋ፣ ኧረ ተይ፣ የኢድ ዳቦ አይከለከልም» ብለው ለመኗት። «ዳቦ የሌለበት ኢድ ኢድ ነው፤ የተቃጠለ ሰፈር ግን ሰፈር አይደለም» አለቻቸውና ሊጡን ለየጎረቤቱ አከፋፍላ በሩን ዘጋች።

ሰፈሩ አልተቃጠለም። ላልተቃጠለ ነገር ደግሞ ማን ያመሰግናል? «ዳቦ ከልካይዋ ሀዋ» ተብላ ቀረች። እኔ የገዛ ልጇ እንኳ በአዲሱ የኢድ ቀሚሴ ተኮፍሼ «አሳፈርሽኝ» አልኳት፤ እሷ መስተዋቷን በሻሿ ጫፍ ወለወለች።

አዋሽ ያለው ምድጃ ከፈረሰ ቆየ፤ ጥጉ የተሸረፈው መስተዋት ግን እኔ ጋ ነው። ጠራጊውን ሰውዬ ከጣሪያው አስወርጄ መስተዋቱን በእጁ ሰጠሁት። አንገቱን አጣሞ ብዙ ካየ በኋላ፣ በር ላይ የተኮለኮሉትን ደንበኞች ሰረቅ አድርጎ አይቶ፣ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ ሁለት ነው» አለኝ።

በሩን ዘጋሁት። ውጭ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። የሚቆጨኝ «ልክ ነበርሽ» ሳልላት መሞቷ ብቻ ነው። ስም ካወጡልኝ ደግሞ የእናቴን ያውጡልኝ።