ከቆራጩ ጋር ወደ ኮምቦልቻ

ከደሴ ስንነሳ

ከጋሽ ይማም ጋር ወደ ኮምቦልቻ የወረድነው በደርግ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን ነው። ሁለታችንም ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበረ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ እንሠራ ነበር። እኔ ሰፊና የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ብቸኛው ቆራጫችን ነበሩ። ጨርቅ ላይ በጠመኔ የሚያሰምሩትም መቀስ የሚያሳርፉትም እሳቸው ናቸው። እኛ የተቆረጠውን እየተቀበልን እንገጣጥማለን።

ለጉዟችን ምክንያት የሆነው የእሳቸው መታመም ነው። ቤት በዋሉባቸው ቀናት ለተማሪዎች ልብስ የታዘዝነው ካኪ እንደተጠቀለለ ቀረ፤ የስፌት መኪኖቻችን ሁሉ ቆሙ። ሥራውን የሰጠን መሥሪያ ቤት «በጊዜው ካላደረሳችሁ ለሌላ ማኅበር እንሰጠዋለን» አለን። ተሽሏቸው ሲመለሱ በመከራ አደረስን፤ ድንጋጤው ግን አለቀቀንም። ኮምቦልቻ ውስጥ አባላቱ ሁሉ መቁረጥ የሚችሉበት ማኅበር እንዳለ ሰምተን ስለነበር ኮሚቴው «ሂዱና እንዴት እንዳደረጉት እዩ» ብሎ እኔንና እሳቸውን ላከን።

ጠዋት መናኸሪያ ተገናኝተን አውቶቡስ ያዝን። ጋሽ ይማም መቀሳቸውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ስንፈተሽ ወታደሩ ጥቅሉን ዳበሰው።

«ይሄ ምንድነው አባባ?»

«እንጀራዬ ነው፣ ልጄ።»

ፈትቶ አየና መልሶ ጠቀለለላቸው።

ሐረጎ ላይ

ሹፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ በፍሬን እየያዘ ይወርዳል። ከታች የሚመጡት ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ። የደሴ ጭጋግ ከኋላችን ቀርቶ የኮምቦልቻ ሜዳና የፋብሪካዎቹ ጣሪያ ብቅ ሲል ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልታስወጡኝ ነው አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ያስወጣዎታል?»

«ሁሉም መቁረጥ ከቻለ ለእኔ ምን ይቀረኛል? መኪና ላይ ልቀመጥ ብል ዓይኔ ክር ማስገባት እምቢ ብሏል። ወላሂ፣ ይሄን ሙያ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የአንድ የመናዊ ሰፊ ሱቅ እየጠረግሁ፣ ሰርቄ እያየሁ ነው የለመድኩት። ሲቆርጥ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር።»

ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ኮሚቴው ውስጥ «ቆራጭ ከበዛ ጋሽ ይማም በቆራጭነታቸው የሚያገኙት ተጨማሪ ድርሻ ይቀራል» ያለ ሰው ነበር።

ኮምቦልቻ

ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ጋሽ ይማም ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ፉል በዳቦ በላን፤ ሻዩን ጨምሮ ለሁለታችን ሁለት ብር አልሞላም። ከዚያ እየጠየቅን ማኅበሩን አገኘነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን በሩ ላይ የተለመደው የአብዮት መፈክር ተጽፏል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፋጡማ የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ» ብላ ለጋሽ ይማም ወንበር አቀረበች። የመጣንበትን ስነግራት ነገሩን ከሥሩ ጀመረችልን።

«እኛም አንድ ቆራጭ ነበረን። ጎበዝ ልጅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ሊሄድ ቀናት ሲቀሩት ሰብስቦን ሊያሳየን ሞከረ፤ ግን ያን ሁሉ በዚያች ጊዜ የት ይቻላል? ሙያውን ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ አሮጌ ሸሚዝ እየተረተርን፣ ጨርቅ እያበላሸን፣ እየተላቀስን ነው የተማርነው።»

«ልጁስ ተመለሰ?» አሏት ጋሽ ይማም።

«አልተመለሰም።»

ጋሽ ይማም «አላህ ይርሐመው» አሉ። ቀጥለው እስከዚያ ድረስ በሆዳቸው የያዙትን ጠየቁ።

«አሁን ቆራጩ ማነው? ድርሻውስ?»

«ሁላችንም እንቆርጣለን። ያስተማረ ሰው ግን ከድርሻው አይጎድልበትም፤ በስብሰባ ወስነን በቃለ ጉባኤ ይዘነዋል። የተማሪውን ሥራ የሚያየው፣ ይለፍ አይለፍ የሚለውም እሱ ነው። እንዲህ ባይሆን ማን ያስተምር ነበር?»

ሳምንት በሳምንት አንድ ረፋድ መኪናውን ሁሉ ያቆሙና ከመካከላቸው አንዱ የሚያውቀውን ለሌሎቹ ያሳያል። እኛ የደረስነው በዚያው ዕለት ነው። ተራው የደረሳት ሴት ጠረጴዛው ላይ ካኪ ዘርግታ የሱሪ አቆራረጥ ማሳየት ጀመረች። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን፣ ወገባቸውን በአንድ በኩል አድርጋ አሰመረች። ጋሽ ይማም መቀመጫቸው ላይ ሲቁነጠነጡ አየኋቸው። መቀሱን ልታሳርፍ ስትል አላስቻላቸውም።

«ተይ! ተይ አንቺ ልጅ! ጨርቁን ጨረስሽው እኮ!»

ብድግ ብለው ጠመኔውን ተቀበሏት። አንዱን እግር ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል አድርገው አሰመሩ፤ የአንዱ ሰፊ ጎን የሌላው ጠባብ ጎን ላይ ገባ። ከተረፈው ጨርቅ ኪሱ ሁሉ ወጣ። ቤቱ በአድናቆት ተንጫጫ። እሳቸው ቀና ብለው ሲያዩ ሁሉም ከብበዋቸዋል። ግንባራቸውን ጠረጉና በቀስታ፣ «እስቲ ቅረቡ፣ ከዚያ ማዶ አይታያችሁም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመማሩ ተራ የእሳቸው ሆነ። የፋጡማ ባልደረቦች የሚሠሩት የተሰወረ ኪስ ዓይናቸው ገብቶ ስለነበር ልጃቸው ልትሆን ከምትችል ሴት አጠገብ ተቀምጠው «እንደገና አሳይኝ» ሲሉ ዋሉ።

መልስ ደሴ

በመልሱ መንገድ ብዙም አላወሩም። ደሴ ስንገባ ብርዱ ስለተመለሰ ካፖርታቸውን ደርበው «አባላቱን ጥሪያቸው፤ የምናገረው አለኝ» አሉኝ።

ስብሰባው ላይ «አስተምራለሁ፤ ድርሻዬ ግን እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉ። ንጉሤ የሚባል፣ ድርሻቸው ይቀራል ያለው ያው የኮሚቴ አባል፣ «ሁላችንም ከቆረጥን ለምን ይከፈላል?» ብሎ ተነሳ። እኔ ያየሁትን ሁሉ፣ ያልተመለሰውንም ልጅ ጨምሬ ተናገርኩ። ክርክሩ ጠነከረ፤ በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ የጋሽ ይማም ሐሳብ አለፈ። ንጉሤ አኩርፎ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ኮሌታውን አጣሞ ሲቆርጥ ጋሽ ይማም ሳይሰድቡት ሌላ ቁራጭ ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ከአጠገባቸው አይጠፋም።

ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው። ሰው ሙያውን የሚደብቀው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፤ አካፍሎ ባዶ እጁን እንዳይቀር ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱን ሳያነሱለት «አስተምር» ማለት ዋጋ የለውም።

ወራት አልፈው ጋሽ ይማም ቦሩ ሜዳ ለቅሶ ሄዱና ሰነበቱ። መኪኖቻችን አልቆሙም። ሲመለሱ የተሰፋውን ክምር አንድ በአንድ እየገለበጡ ስፌቱን፣ ኮሌታውን፣ ወገቡን አዩ። የመጨረሻውን ሸሚዝ አስቀመጡና ቅር እንዳለው ሰው ዞረው አዩን።

«አንድ ስህተት እንኳ አላስቀራችሁልኝም?»

ይህን ብለው ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ለአንዳችንም አሳይተው የማያውቁትን ነገር አነሱ።

«እንግዲህ ነገ ቶሎ ግቡ። ኮት እንጀምራለን።»