«በቃኝ» ያልኩባቸው ገበታዎች

በሆዴ አላፍርም፤ ሲያፍር የኖረው እሱ ነው፣ በእኔ። ቆቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ሁለት ነገር ይመሰክርብኛል፤ ያለ ዱላ አልሄድም፣ ያለ ልመና አልበላም። ለማኙ ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ተለማኝ ነኝ።

በእኛ አገር እንግዳ «ብላ» ስለተባለ ብቻ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም። ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም «አሁን በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። ባለቤቱም ውሸቱን ያውቃል፤ «አፈር ስሆን!» ይላል። እንግዳው ደረቱን ይዞ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። በሦስተኛው ባለቤቱ ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ ነው እንግዳችን በግድ እንደታሰረ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ቁጭ የሚል፣ የሁለት ሰውም የሚበላ። አንዴ ሮቢት ዘመድ ቤት እንዲህ ተለምኜ የበላሁት የፍየል ሥጋ ለማግስቱም ተርፎኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ዝም የሚል ሰው ግን እኛ ዘንድ ስም አለው፤ ስስታም ይባላል።

ይህንን አመሌን ይዤ ነው ድንበር የተሻገርኩ።

ልጄ ጅቡቲ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚናገረው ራዲዮኑና እኔ ነን፤ ከሁለታችን ራዲዮኑ ይሻላል። ለጎረቤት «ባሕር አይቼ ልምጣ» አልኩ። ውሸቴን ነው። የሄድኩት ልጄን ይዤ ልመለስ ነበር። ከሚሌ ወዲያ ያለውን ሙቀት አላወራም፤ እኛ ቆቦዎች ሙቀት እናውቃለን እያልን ስንኮራ መኖራችን ብቻ አሳፈረኝ።

በደረስኩ ማግስት የየመኖች ዓሣ ቤት ወሰደችኝ። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር የሚፈይደው የለም። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱና በርበሬ ቀብተው ጉድጓድ በመሰለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይሰዱታል። ሲወጣ ጠርዙ ጠቁሮ፣ መሐሉ ወተት መስሎ፣ በጋዜጣ ላይ ይቀርባል፤ አጠገቡ ሰፌድ የሚያክል ትኩስ ቂጣ። ዓሣ የሚበላ አባት አልነበረኝም። ጭንቅላቱን ሳየው ደግሞ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ይሄ እያየኝ እንዴት ልብላው?» አልኳት።

«አንተም እየው አባዬ» አለች።

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። እስከዚያች ቀን የበላሁት ሁሉ ልምምድ ነበር እንዴ አሰኘኝ። ቂጣው ሊያልቅ ሲል አሳላፊው ሌላ ትኩስ ይዞ መጣና አንድ ነገር አለ።

«ልጨምር ወይ ነው የሚልህ» አለች።

መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበርኩ። «በቃኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።»

ሰውየው ቂጣውን ይዞ ዞረ። ሁለተኛ ጥያቄ የለ፣ አፈር ስሆን የለ፤ ቂጣዬን ጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በዓይኔ ተከተልኩት። ቂጣው ከሰው አፍ እስኪገባ ድረስ ተከተልኩት። ልጄ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አባዬ፣ እዚህ አገር በቃኝ ካልክ በቅቶሃል።»

«ደግሞ አይጠይቅም?»

«ለምን ይጠይቃል? ነገርከው እኮ!»

ሁለተኛው ቤት ወደብ አጠገብ ያለ የአንዲት ሱማሌ ሴት ቤት ነው፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሳይላጥ የተቀመጠ ሙዝ። ሙዙን ለኋላ ብዬ ወደ ጎን ሳደርገው ልጄ ከሩዙ ጋር አጎረሰችኝ። እብደት ነው፤ ግን ጣፈጠኝ። እዚያ ትምህርቴን ተለማመድኩ። ሴትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ ብቅ ስትል «አዎን!» አልኩ።

«ቀስ በል፣ ገና አልጠየቀችህም» አለች ልጄ።

እንዲህ እየበላን ቀናቱ አለቁ። የመጣሁበትን ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳሁትም። ምን ብዬ? አባት ልጁን ነይልኝ ብሎ ይለምናል? እሷ ትጠይቀኝ ብዬ ጠበቅሁ።

ጠየቀችኝ። በመጨረሻው ቀን፣ እዚያው ዓሣ ቤት። እሾህ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ ብቻህን ከበደህ አይደል? ልመለስ እንዴ?» አለች።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ያደገው ቆቦ ነው።

«ኧረ ተይ! ምን ይከብደኛል? ጎረቤት ሞልቶ! ለእኔ ብለሽ ሥራሽን ልትለቂ? አይሆንም።»

ይህን ብዬ ጠበቅሁ። ማኘኬን ሁሉ ቀስ አደረግሁ። አፈር ስሆን እስክትል፣ ኧረ በሞቴ እስክትል፣ ክንዴን እስክትይዝ። የለቀመችውን እሾህ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ አኖረችና፣

«እሺ» አለች።

ከዓሣው ሆድ ለስላሳውን ፈልቅቃ ወደ እኔ ገፋችልኝ። አሳላፊው ቂጣ ይዞ መጣ። ልጨምር? አለ። «አዎን» አልኩ። ለቂጣው አዎን አልኩ።

ከተመለስኩ ወዲህ ሰዎች የውጭ አገር ምግብ አውራን ሲሉኝ የዓሣውን ዓይን እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። የ«እሺ»ዋን ነገር ያወቀው አንድ አብሮ አደጌ ብቻ ነው።

«ወጉን ረስታው ነው» አለኝ። «ስንት ዘመኗ! ደውልና ነይ በላት።»

«ካልረሳችውስ?»

«እንዴት?»

«ወጉን ካልረሳችውስ? አባት ነው፣ አንዴ ልጠይቀው ብላ ቢሆንስ? እኔ ለወግ እምቢ እንዳልኩ እሷም ለወግ ጠይቃኝ ቢሆንስ?»

ዱላውን መሬት ላይ ሲያንኳኳ ቆየ። «አንተ ሽማግሌ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ከምታሰላ ብትለምናት አይቀልም?»

አይቀልም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለመን ኖሬ መለመን ማን ያስተምረኝ? ስልኩን አንስቼ ስንት ጊዜ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ብዬ ዘጋሁት።

ባለፈው አርብ፣ ከጁምዓ ስመለስ፣ እሷው ደወለች። ድምጿ ፈራ ተባ ይላል።

«አባዬ፣ አንድ ሰው ለኒካ ጠይቆኛል። የዚህ የጅቡቲ ሰው ነው። ደግ ነው።»

«ስንቴ ጠየቀሽ?»

«ምን ማለት ነው ስንቴ? አንዴ ነዋ። እኔ እሺ ብያለሁ፤ የቀረው ያንተ ፈቃድ ነው። ትፈቅዳለህ?»

አሁንም አንደኛው ጥያቄ ነበር። ሁለተኛውን ልጠብቅ አልኩ፤ ወዲያው ያ ቂጣ ጎን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ታየኝ።

«ፈቅጃለሁ» አልኳት። «አላህ ያሳምርላችሁ።»

አለቀሰች። ከደስታ ነው አለች፤ እኔም አመንኳት፣ እዚያ አገር የሚባለው ሁሉ እንደተባለው ነውና። ቀጥሎ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ምሳ በላህ?»

ምድጃው አመድ ነው። የትናንቱ የማሽላ እንጀራ ጥግ ላይ ደርቋል።

«በልቻለሁ» አልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ትንሽ ቆየሁ።

«እሺ አባዬ» አለች።