የጓንጉል ሎህ

ከገዳሪፍ ከብት ገበያ ጀርባ በእሾህ የታጠረ ሰፊ በረት አለ። ከመንጋው የተለየ ግመል፣ የሰው እርሻ ገብቶ የተያዘ አህያ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ጥጃ ሁሉ እዚያ ይገባል። አገሬው ዘሪባ ይለዋል። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ምልክቱን ከተናገረ እንስሳውን ይወስዳል፤ የሚመጣ ከጠፋ በጨረታ ይሸጣል። የዘሪባው ጠባቂ ጓንጉል ይባላል።

ጓንጉል የቋራ ሰው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መተማን ተሻግሮ ሲመጣ የሚነዳቸው ከብቶች መንገድ ላይ አለቁበት፤ እሱ ዱላውን ብቻ ይዞ ከተማ ገባ። የሚነዳው ሳይኖረው ዱላ ይዞ የሚዞር ሰው ነበርና ልጆች ይስቁበት ጀመር። አንድ ቀን ግን ገበያው ውስጥ የደነበረ በሬ ሰው ሲያተራምስ፣ ጓንጉል ዱላውን በጎኑ ይዞ ቀስ ብሎ ቀረበና እያባበለ ወደ ዘሪባው አስገባው። እዚያው አስቀሩት።

የዚያ አገር ዘላኖች ከብታቸውንና ግመላቸውን በጋለ ብረት ይተኩሳሉ። የአንዱ ቤት ምልክት መስቀለኛ ጭረት ነው፣ የሌላው ጨረቃ፣ የሌላው እንደ ዶሮ እግር የተከፈለ። ፊደል ያልቆጠረ እረኛ ከሩቅ ያነበዋል። ጓንጉልም በጊዜ ብዛት ማንበብ ለመደ። ጠዋት ጠዋት በረቱን ይዞራል፣ እያንዳንዱን እንስሳ ከፊትም ከኋላም ያያል፣ ከዚያ ወደ ገበያው ወጥቶ «የጨረቃዎቹ ጊደር እኔ ዘንድ ናት፤ ንገሩልኝ» ብሎ መልእክት ይሰዳል። ስህተት ተገኘበት ሲባል የሰማ ሰው የለም።

ዶክተር ሂያም የምትባል የእንስሳት ሐኪም ለክትባት ሥራ ከካርቱም የመጣችው ጓንጉል ሽበት ማብቀል በጀመረበት ጊዜ ነው። መዳፍ የምታህል የኪስ ኮምፒውተር ነበረቻት። ቁልፍ የላትም ማለት ይቻላል፤ በቀጭን ብዕር መስታወቷ ላይ እየነኩ ነው የሚጽፉባት። ሂያም ሥራዋን ጨርሳ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ስትሄድ ለጓንጉል ሰጠችው።

«አሚ ጓንጉል፣ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ጭንቅላትዎ ውስጥ ይዘው ቢሞቱ ማን ያውቃቸዋል?» አለችው፣ እንደ አገሯ ወግ አጎቴ ብላ እየጠራች።

«እስክሞት ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?» አላት፤ ተቀበላት ግን።

ሁለት ነገር አስተማረችው። አንደኛው ሠንጠረዥ ነው፤ በመደዳ የገባበት ቀን፣ የእንስሳው ዓይነት፣ መልኩ፣ የምልክቱ ሥዕል ቁጥር። ሠንጠረዡ የሚቀበለው የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለነበር ጓንጉልን በጣም አስቸገረው። ሁለተኛው የሥዕል ገጽ ነው። ይኼኛው ምንም አይመርጥም። ጨረቃ ቢስሉበት ጨረቃ፣ በአማርኛ «የአልሐሰን ቤት» ብለው ቢጽፉበት በገዛ እጅ ጽሕፈታቸው እንዳለ ያስቀምጣል። ጓንጉል ይህን ወደደው። ገበያተኛውም ሲጽፍና ሲያጠፋ እያየ፣ ልጆች ቁርዓን የሚማሩበትን እየተጻፈበት የሚታጠብ እንጨት አስታወሰና «የጓንጉል ሎህ» አላት።

ብዕሯ ብዙም ሳትቆይ ገለባ ውስጥ ጠፋች። ጓንጉል መፋቂያ ቀረፈና ጫፉን አለስልሶ ሞከረው፤ ሠራለት። ሚስቱ ሸዋረጋ አየችውና፣ «አንተ ሰው፣ ጥርስህን ልትፍቅበት ነው ወይስ ልትጽፍበት?» አለችው።

«መጀመሪያ እጽፍበታለሁ።»

«ኋላ ጥርስህ ላይ የሰው ግመል ይበቅልብሃል!»

ሥራው እውነትም ቀለለ። የማያውቀው ምልክት ሲመጣ ይስለዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ያስገባዋል። የሚያውቀው ሲመጣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያለፈ ከነባለቤቱ ያገኘዋል። በዚህ መሃል ጠዋት ጠዋት በረቱን መዞሩ ቀረ። እንስሳው በሩ ላይ ሲደርስ ምልክቱን ይስልና ጥላው ሥር ተመልሶ ይቀመጣል። መቼ እንደተወው እሱም ልብ አላለውም።

ያ ክረምት ሊገባ ሲል ግመለኞቹ እንደ ልማዳቸው ጓዛቸውን ጭነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡጣና መስክ መነሳት ጀመሩ። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ከጠጣ ግመል አያስኬድም። አንድ የእርሻ ዘበኛ ቀይ ሴት ግመል እየጎተተ ወደ ዘሪባው አመጣ። ምልክቷ ባኩር ነው፤ ራሱ የተቆለመመ በትር። ጓንጉል በሩ ላይ ምልክቱን ሳለ፤ ሥዕሎቹን ሲያልፍ ቁርጥ እሱኑ የመሰለ ባኩር አገኘ። ሥሩ በገዛ እጁ «የሱለይማን ቤት» ብሎ ጽፎበታል።

ሱለይማን የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ግመሎቹ ከአባቱ የወረሳቸው ናቸው፤ በቅጥር እረኛ ያስጠብቃቸዋል እንጂ እሱ ተወልዶ ያደገው ሱቅ ውስጥ ነው። በበጋው አንዲት ግመል ጠፍታበት ነበርና መልእክቱ ሲደርሰው በጭነት መኪና ከተፍ አለ።

«ጓንጉል፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ሎሁን እይ።»

ሱለይማን ጎንበስ ብሎ መስታወቷን አየ። «ወላሂ፣ የአባቴ ባኩር ነው!» አለ። ፈረመ፣ ግመሏን አስጫነ፣ ሄደ። ከሁለቱ አንዳቸውም ግመሏን ቀርበው አላዩዋትም።

ሱፊያን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣት እረኛ ነው፤ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል።

«ሰላም አለይኩም አሚ ጓንጉል። ቀይ ግመል ጠፍታብኛለች። እናቴና የወንድሜ ልጆች የሚጠጡት የሷን ወተት ነው። ሰዎቼ ተነስተዋል፤ ከዝናቡ በፊት ልደርስባቸው ይገባል።»

«ምልክቷ ምንድን ነው?»

«ባኩር።»

ጓንጉል ራሱን ነቀነቀ። «ባኩርስ መጥታ ነበር። ባለቤቷ ሱለይማን ወስዷታል።»

«የሱለይማን ባኩር ጭን ላይ ነው» አለ ሱፊያን ቀስ ብሎ። «የኛ አንገት ላይ ነው። የሱ አያትና የኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ሲለያዩ ብረቱን አልቀየሩም፤ የሚተኩሱበትን ቦታ ቀየሩ። ያቺ ግመል ላይ የት ነበር?»

ጓንጉል ሎሁን ከፈተ። ባኩሩ መስታወቱ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ አንገት የለው፣ ጭን የለው። ሠንጠረዡን ከፈተ። ቀን፣ ሴት ግመል፣ ቀይ፣ የሥዕል ቁጥር። ሌላ የለም። ዓይኑን ጨፈነና ግመሏን ለማስታወስ ሞከረ። ቅላቷ መጣለት፤ በሩ ላይ እንዴት እንዳጓራችም መጣለት። ምልክቱ ግን የመጣለት እሱ እንደሳለው ሆኖ መስታወቱ ላይ ነው እንጂ ቆዳዋ ላይ አልነበረም። በፊት ቢሆን ኖሮ ተኝቶም ያውቀው ነበር።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አላዩም?»

«ስስል አላየሁም።»

ወረቀቱ ተፈርሟል፤ «ፖሊስ ሂድ» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። የዘሪባ ሰው ደግሞ የሰው ከብት ለማይገባው ሰጠ ከተባለ ስሙ ሌባ ነው። በዚያ ላይ ጓንጉል የሰው አገር ሰው ነው፤ በዚህ ገበያ ከቃሉ ሌላ ዘመድ የለውም። ዱላውን አነሳና፣ «ና፣ እንሂድ» አለው።

ሪክሻ የሚሏትን ባጃጅ ያዙ። ሹፌሩ እስከ ሱለይማን ቤት ድረስ ነገሩን ሁሉ ከፊት ሆኖ ሲያዳምጥ ቆየና ሲወርዱ የሰሌዳ ቁጥሩን መታ መታ አደረገ። «የኔይቱ ምልክት ከኋላዋ ነው። ብትጠፋ እንዳትሳሳት፣ ሐጅ!»

ግመሏ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ታስራለች። ገና ከበሩ ላይ ታየ፤ ባኩሩ አንገቷ ላይ ነው። ሱፊያን ሮጦ አልሄደም። ከበሩ ሳያልፍ ቆሞ ጓንጉልን አየው።

ሱለይማን አልጋ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። «አህለን! ሎሁ ሌላም ግመል አገኘልኝ እንዴ?»

«የለም። የሰጠሁህ ግመል ያንተ አይደለችም። የዚህ ልጅ ናት።»

«አንተው ጠርተህ ሰጥተኸኝ? ፈርሜ የወሰድኳትን?»

«አዎ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያንተ ጭን ላይ ነው፣ የሷ አንገት ላይ። እኔ የሳልኩት ምልክቱን ብቻ ነው።»

የሱለይማን እናት ኢንቲሳር ከበረንዳው ተነሱ። «አላልኩህም? ያመጣሃት ቀን ይቺ የአጎቶችህ ናት ስልህ ምን አልከኝ? ‹ሎሁ ተናግሯል› አልከኝ። ሎህ ግመል አርብቶ ያውቃል?»

«እማ፣ እኔ የማውቀው ሰሊጥ ነው።»

«ሰሊጥማ ጭንም የለው አንገትም የለው!»

ሱለይማን ፊቱ ጠቆረ። ሻዩን አስቀመጠና ሱፊያንን ሲያየው ቆየ። «ሰዎችህ እዚህ እንደመጣህ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ግመላችን ከተማ ገባች ተብሎ ነው የተላክሁት።»

«እንግዲህ ወሬው ቡጣና ይደርሳል። ሱለይማን የወገኑን ግመል ወስዶ ግቢው አሰረ ይባላል።» ወደ ጓንጉል ዞረ። «ስማኝ። ነገ የገበያ ቀን ነው። ግመለኞቹ ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም ይመጣሉ። መሃል ቆመህ እንዴት እንደሆነ በአፍህ ትናገራለህ። ከዚያ እዚያው ገመዷን ለልጁ እሰጠዋለሁ። ካልተናገርክ ግን እኔ ፈርሜ የወሰድኳት ናት፤ አትወጣም።»

ጓንጉል ቤቱ ሲገባ ለሸዋረጋ ነገራት። ሰፌዱን አስቀምጣ አዳመጠችው።

«ተናግረህ ዘሪባውን ቢነጥቁህስ?»

«ካልተናገርኩ ልጁ ባዶ እጁን ይሄዳል።»

«አይ ያንተ ነገር!» አለች። ተነሳችና፣ «በል ጀላቢያህን አውልቅ፣ ልጠብልህ። በቆሸሸ ልብስ ስህተት አይነገርም።»

በማግስቱ ጓንጉል ጨረታ ጠሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ። ጀላቢያው ገና በደንብ አልደረቀም። ዓረብኛው ያን ያህል ዘመን ኖሮም የቋራ ለዛ አልለቀቀውም፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል።

«እናንተ ሰዎች፣ ስሙኝ። ሱለይማን የሰው ግመል አልወሰደም። ጠርቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምልክቱን ሎህ ላይ ሳልኩ፣ ግመሏን ግን አላየሁም። ግመሏ የሱፊያን ቤት ናት።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ታዲያ የኔን ጥጃ ለማን ሰጠህብኝ?» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ሌላው ግን ሳቁን ሳይጠብቅ፣ «ሐበሻው ዓይኑን ሸጦ መስታወት ገዛ!» አለ። ይህች ጠለቅ ብላ ገባች። ጓንጉል ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እውነትህን ነው» አለ። «በዚህ ሎህ ከብት የወሰዳችሁ ሁሉ ቤታችሁ ሂዱና ደግማችሁ እዩ። ያንተ ያልሆነ ካገኘህ እኔ ዘንድ አምጣው። ባለቤቱን በእግሬ ሄጄ እፈልጋለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ሽማግሌው ጥጃቸውን ለማየት እውነትም ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሱለይማን ግመሏን እየሳበ መጣና ገመዷን ለሱፊያን አቀበለው። «ለአጎቶቼ ሰላም በልልኝ» አለ። ሱፊያን የግመሏን አንገት ዳሰሰና ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመ።

ጓንጉል ከጉብታው ሲወርድ ሱለይማን መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«የኔይቱ ገና አልተገኘችም።»

«አውቃለሁ።»

«የመጣች ቀን ደግሞ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ፣ አሁን ሳላት። ሙሉዋን።»

ጓንጉል ቁጢጥ ብሎ ሎሁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መፋቂያውን አወጣና አንገት ሳለ፣ ሻኛ ሳለ፣ አራት እግር አቆመ፤ ጭኗ ላይ ባኩሩን አሳረፈ። ገጿ ትንሽ ስለሆነች እግሮቹ አጠሩ። ሰዎች ከላዩ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይቺማ ፍየል ናት» አለ አንዱ።

«ሻኛ ያላት ፍየል» አለ ሱፊያን። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ሱለይማን ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በጣቱ መስታወቱን ነካ። «ፊቷን ወዲህ አዙራት። የኛ የሚተኮሰው በግራ ጭን ነው።»

«በግራ? ማን ነገረህ?»

«እናቴን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ጓንጉል ሥዕሉን አጠፋውና ፊቷን ወደ ግራ ካዞረች ግመል ጀመረ። ከሱለይማን ኋላ ምልክቱ ጨረቃ የሆነ አንድ ሰውዬ ተራ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የሱም ምልክት የት እንደሚያርፍ መናገር ሲጀምር ጓንጉል በመፋቂያው አስቆመው።

«አትንገረኝ» አለው። «ግመልህ የት ናት? መጀመሪያ ልያት።»